ስድሳ ስምንቱ ወንበሮች፤ የኤርትራ ምክር ቤት ምርጫ በ1944 ዓ.ም.

(ከ12ኛ ክፍል ተማሪ)

የታሪክ መምህራችን ባለፈው ዓመት አንድ ጥያቄ ጠየቁን። «በዚህ በእኛ አካባቢ ሕዝብ ወረቀት በሣጥን ጨምሮ ሕግ አውጪውን የመረጠው ለመጀመሪያ ጊዜ መቼና የት ነው?» አሉ። እኛም ጥቂት ካሰብን በኋላ «በ1950 ዓ.ም.፤ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በተመረጡበት ዘመን» ብለን መለስን። መልሱን ያገኘን መስሎን ደስ ብሎን ነበር። መምህሩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁና «በመርሳና በወልዲያ አልፎ ወደ ሰሜን የሚወጣውን መንገድ ይዛችሁ ሂዱ፤ መቀሌንም እለፉ፤ መረብንም ተሻገሩ፤ ከአምስት ዓመት በላይም ወደ ኋላ ቁጠሩ» አሉን። የደረስንበት ቦታ አስመራ፣ የደረስንበትም ቀን መጋቢት 16 ቀን 1944 ዓ.ም. ሆነ።

ይህን ጽሑፍ ለት/ቤታችን የበዓል መጽሔት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ ያ ጥያቄ ነው። አንባቢዎቼ እንዳይቸገሩ ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቈጣጠር ጽፌዋለሁ፤ የባሕር ማዶውንም ቢሆን ወደ እኛ መልሼዋለሁ።

በመጀመሪያ ስለ 1950ው ምርጫ ጥቂት ልበል። በ1923 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ኢትዮጵያ ፓርላማ ነበራት፤ ነገር ግን የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን የሚመርጡት መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ነበሩ እንጂ ሕዝቡ አልነበረም። ሕዝቡ ራሱ እንዲመርጥ የተፈቀደለት በ1948 ዓ.ም. ጥቅምት ወር በወጣው በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ስለዚህ በቀበሌያችን አባቶች ዘንድ ምርጫ የሚባል ነገር ገና ሳይታወቅ፣ መረብን ተሻግሮ ያለው ገበሬና ነጋዴ እንደራሴውን መርጦ ነበር ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ኤርትራ ከ1882 ዓ.ም. ጀምሮ የኢጣልያ ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1933 ዓ.ም. ኢጣልያ ድል ስትሆን እንግሊዞች ያዟትና በወታደር አስተዳደር ገዟት። ከጦርነቱ በኋላ ታላላቆቹ መንግሥታት ስለ ዕድሏ ሊስማሙ ስላልቻሉ ነገሩ ወደ ተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ቀረበ። በአገሩም ውስጥ ሕዝቡ ተከፋፍሎ ነበር፤ ከኢትዮጵያ ጋር እንቀላቀል የሚሉ ነበሩ፣ ነጻነታችንን እንያዝ የሚሉም ነበሩ፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ደም ፈሷል። በመጨረሻ ጠቅላላው ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በ46 የድጋፍና በ10 የተቃውሞ ድምፅ አንድ መካከለኛ መንገድ ወሰነ። ኤርትራ በኢትዮጵያ ዘውድ ሥር በፌዴሬሽን የተዋሐደች፣ ነገር ግን በውስጥ ጉዳይዋ ራሷን የምታስተዳድር ክፍል ትሁን ተባለ። መከላከያ፣ የውጭ ጉዳይ፣ ገንዘብ፣ የውጭ ንግድና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ሆኑ፤ የቀረው ሁሉ ለኤርትራ መንግሥት ተተወ። ሥራውን እንዲመሩ ከቦሊቪያ ኤድዋርዶ አንዜ ማቲዬንሶ የተባሉ ኮሚሽነር ተላኩ።

እንዲህ ያለው ውሳኔ በዓለም የመጀመሪያው አልነበረም። በባልቲክ ባሕር፣ በስዊድንና በፊንላንድ መካከል፣ ኦላንድ የሚባሉ ደሴቶች አሉ። ሕዝቡ የሚናገረው የስዊድን ቋንቋ ነው፤ ልቡም ወደ ስዊድን ያዘነበለ ነበር፤ ፊንላንድ ግን ደሴቶቹ የእኔ ናቸው አለች። የዚያን ጊዜው የመንግሥታት ማኅበር በ1913 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነገሩን አይቶ፣ ደሴቶቹ በፊንላንድ ሥር ይሁኑ፣ ቋንቋቸውና የራሳቸው አስተዳደር ግን ይጠበቅላቸው ብሎ ፈረደ። የኦላንድ ሕዝብም እንደራሴዎቹን መርጦ ምክር ቤቱ ሰኔ 2 ቀን 1914 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበሰበ። ይህን ምክር ቤት አንባቢዬ በልቡ ያቈየው፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ። የእንግሊዝ አስተዳደር በ1944 ዓ.ም. ጥር ወር የምርጫውን ዐዋጅ አወጣ። አገሩ በ68 የምርጫ ክልሎች ተከፈለ፤ ለአንድ እንደራሴ የደረሰው ሕዝብ በአማካይ 15,000 ያህል ነው። አመራረጡ ግን በሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት አልነበረም። በአስመራና በምጽዋ ከተሞች መራጩ ራሱ ቀርቦ በቀጥታ ድምፁን ሰጠ። በቀረው አገር፣ በደጋውም በቈላውም፣ ምርጫው በሁለት ደረጃ ተደረገ። በመጀመሪያ የየመንደሩና የየነገዱ ሰው በልማዱ ተሰብስቦ ተወካዮቹን ለየ፤ ቀጥሎ እነዚያ ተወካዮች አንድ ላይ ተገናኝተው የምክር ቤቱን አባል መረጡ።

ይህ ሁለት ደረጃ ያለው አመራረጥ ቀላል ነገር አይመስለኝም። በዋርካ ሥር በሚደረግ ጉባኤ ላይ እጁን የሚያወጣ ሰው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሽማግሌ ወይም ጭቃ ሹም ምን እንደሚወድ ያውቃል። በእኛም አገር ቢሆን በሽማግሌ ፊት አፍ ከፍቶ «እኔ ሌላውን መርጫለሁ» ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልግ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ከገጠር የመጡት አባሎች ብዙዎቹ የትልልቅ ቤተ ሰብና የሹማምንት ወገን መሆናቸው አያስደንቅም። ከዚህም በላይ የመምረጥ መብት የተሰጠው ለወንዶች ብቻ ነበር። የኤርትራ ሴቶች በዚያ መጋቢት ከሣጥኑ አጠገብ አልደረሱም።

ሆኖም የምርጫውን ውጤት ስንመለከት፣ ምርጫው ለይስሙላ ብቻ የተደረገ አልነበረም ለማለት እንችላለን። ከኢትዮጵያ ጋር መዋሐድን የሚደግፈው የአንድነት ማኅበር 32 ወንበሮች አገኘ፤ ነጻነትን ይሹ የነበሩት በዴሞክራቲክ ግንባር ስም 18፣ የምዕራብ ቈላው የሙስሊም ሊግ 15 ወንበሮች አገኙ፤ የቀሩት 3 ወንበሮች ለሌሎች ሆኑ። በሃይማኖት ቢቈጠሩ 34ቱ ክርስቲያን፣ 34ቱ እስላም ነበሩ። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ትልቁ ፓርቲ እንኳ ከግማሽ በታች ነው። ብቻውን ሕግ ሊያወጣ አይችልም፤ የመንግሥቱን ዋና ሹም ለመምረጥም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ስለ ነበረ፣ የግድ ከሌላው ጋር መነጋገር ነበረበት። ከጥቂት ጊዜ በፊት በጥይት ይነጋገሩ የነበሩ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው በቃል መከራከር ጀመሩ።

ምክር ቤቱ ሚያዝያ 20 ቀን 1944 ዓ.ም. ተከፈተ። ኮሚሽነሩ ያቀረቡትን የሕገ መንግሥት ረቂቅ እያንዳንዱን አንቀጽ እያነሣ ሲከራከር ከረመ፤ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ሰንደቅ ዓላማ፣ ስለ ንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሥልጣን ብዙ ተባለ። በመጨረሻ ትግርኛና ዐረብኛ የመንግሥት ቋንቋዎች ይሁኑ ተባለ፤ በሰማያዊ መደብ ላይ አረንጓዴ የወይራ ጕንጕን ያለበት ሰንደቅ ዓላማም ጸደቀ። ሕገ መንግሥቱ ሐምሌ 3 ቀን ተፈጸመ፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ነሐሴ 5 ቀን አጸደቁት። የፌዴሬሽኑን ሕግ ያጸደቁት ደግሞ በ1945 ዓ.ም. የዘመን መለወጫ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን ነው። በአምስተኛው ቀን የእንግሊዝ ባንዲራ ወረደ። የአንድነት ማኅበሩ መሪ ተድላ ባይሩ የኤርትራ መንግሥት የመጀመሪያው ዋና ሹም፣ ከምዕራብ ቈላ የመጡት ሼህ ዓሊ ረዳይ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ላነሣ። ይህ ሁሉ እኛን የሐራን ልጆች ምን ያገባናል? አንድ ምሳሌ ልስጥ። በዚያ ዘመን ወደ ወሎ የሚገባው የውጭ ዕቃ ዋናው በር አሰብ ነበር፤ ከአሰብ በካሚዮን ተጭኖ በባቲ ወጥቶ ኮምቦልቻና ደሴ ይደርሳል። አሰብ የኤርትራ ወደብ ነው። በጠቅላላው ጉባኤ ውሳኔ መሠረት ግን ወደ ኤርትራ የሚገባው ዕቃ ቀረጥ ለኤርትራ፣ ወደ ቀረው ኢትዮጵያ የሚያልፈው ዕቃ ቀረጥ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። እንግዲህ በምጽዋ የወረደ አንድ ጥቅል አቡጀዲ አስመራ ላይ ቢቀር ቀረጡ የኤርትራ ነው፤ ያው አቡጀዲ መረብን ቢሻገር ግን ገንዘቡ የሌላ ሣጥን ነው። ታዲያ የትኛው ጥቅል የት እንደ ቀረ የሚቈጥረው ማን ነው? የጕምሩኩ ሥራ በፌዴራሉ መንግሥት እጅ ነበር። የኤርትራ መንግሥት ከዋና ዋና ገቢዎቹ አንዱን የሚያገኘው ሌላው በያዘው መዝገብ ነበረ፤ ስለዚህ የድርሻው ነገር የሁልጊዜ ክርክር ሆነ። የራሱን ገንዘብ ራሱ የማይቈጥር መንግሥት፣ ሹሞቹ ሕዝብ የመረጣቸው ቢሆኑም፣ እጁ የታሰረ ነው።

ሁለቱን ወገኖች ለማስታረቅ ታስቦ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በእኩል ቍጥር የሚቀመጡበት የንጉሠ ነገሥት የፌዴራል ምክር ቤት ተደንግጎ ነበር። ይህ ጉባኤ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲሰበሰብ ቢታዘዝም ሥልጣን ያለው አካል ሳይሆን ቀረ። በአስመራም ድምፂ ኤርትራ የተባለው ጋዜጣ ተዘጋ። በ1946 ዓ.ም. ከምክር ቤቱ ወንበሮች ቅሬታ ተሰማ፤ የፌዴራሉ መንግሥት በውስጥ ጉዳያችን ይገባል የሚል ነው። መልሱ የመጣው መጋቢት 13 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ በምክር ቤቱ ፊት ቆመው፣ እንደራሴው ባሉበት ዘንድ የውስጥና የውጭ የሚባል ጉዳይ የለም የሚል ንግግር አደረጉ። የፌዴሬሽኑ ነገር በሙሉ የተመሠረተው የውስጥና የውጭ ጉዳይ ተለይቶ በመቀመጡ ላይ ስለ ሆነ፣ ይህ አነጋገር ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት ጠበቃ መሆን አያስፈልግም። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር ተድላ ባይሩ ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ ሼህ ዓሊ ረዳይም ወረዱ። በተድላ ባይሩ ቦታ አስፍሃ ወልደ ሚካኤል ተተኩ። አስፍሃ የኤርትራ መንግሥት ዋና ሹም ሆነው ሳሉ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ምክትልም ነበሩ። አንድ ሰው ሁለት ባርኔጣ ሲያደርግ፣ የትኛውን ባርኔጣ ሲያወልቅ ማየት አስቸጋሪ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው ምርጫ ነው። እኔ ይህን ጽሑፍ ስጀምር ዋናው ነገር የ1944ቱ ምርጫ ይመስለኝ ነበር፤ እያነበብሁ ስሄድ ግን ቍልፉ ያለው በሁለተኛው ላይ መሆኑን ተረዳሁ። በክፍላችን የክፍል አለቃ ስንመርጥ አንድ ጊዜ ወረቀቱን የሰበሰበውና የቈጠረው ዳግመኛ ለመመረጥ የቀረበው አለቃ ራሱ ነበር። ምናልባት በትክክል ቈጥሮ ይሆናል፤ ግን ከመካከላችን አንድም ሰው አላመነውም። የ1944ቱን ምርጫ ያስደረገው የእንግሊዝ አስተዳደር በመስከረም ሻንጣውን ይዞ የሚሄድ ነበረ፤ ከዚህም በላይ የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽነር ከአጠገቡ ነበሩ። በ1948 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለተኛው ምክር ቤት ሲመረጥ ግን ኮሚሽነሩ ከሄዱ አራት ዓመት ሊሆናቸው ነው፤ ምርጫውን ያስደረገው ከምርጫውም በኋላ በወንበሩ የሚቀጥለው መንግሥት ነው፤ ፓርቲዎችም እንደ ቀድሞው በግልጽ የሚወዳደሩበት አልነበረም። ገጠሩ አሁንም የሚመርጠው በሁለት ደረጃ ነበር። በዋርካው ሥር የተቀመጠው ሹም ደመወዙን የሚቀበለው ከማን እንደ ሆነ መራጩ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ ወዲያ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። ያው በ1944 ዓ.ም. ስለ ሰንደቅ ዓላማው ሲከራከር የነበረው ምክር ቤት፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 1951 ዓ.ም. ባለወይራውን ሰንደቅ ዓላማ እንዲወርድ ወሰነ። በ1952 ዓ.ም. ግንቦት ወር «የኤርትራ መንግሥት» የሚለው ስም «የኤርትራ አስተዳደር» ተባለ። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. አባሎቹ ተሰብስበው ሳሉ አስፍሃ ወልደ ሚካኤል የፌዴሬሽኑን መፍረስ የሚገልጽ ቃል አነበቡ። በዚያ ዕለት በእርግጥ ድምፅ ተሰጥቶ ነበር ወይስ በጭብጨባ ብቻ ታለፈ የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። እኔ ግን አንድ ነገር አስተውያለሁ፤ ማዕከላዊው መንግሥት ምክር ቤቱን በጦር ብቻ ሊዘጋው አልወደደም፤ ራሱን በራሱ እንዲዘጋ ፈለገ። እንዲህ ከሆነ፣ ያ ወንበር ዋጋ ነበረው ማለት ነው።

አሁን ወደ ኦላንድ እንመለስ። የመንግሥታት ማኅበር በ1938 ዓ.ም. ፈረሰ። የደሴቶቹ ዋስ የነበረው ሞቶ ሳለ የኦላንድ ምክር ቤት ለምን አልፈረሰም? ምክንያቱ፣ የራስ አስተዳደሩ ሕግ የሚለወጠው የፊንላንድ ፓርላማና የኦላንድ ምክር ቤት ሁለቱም ሲስማሙ ብቻ ስለ ሆነ ነው። ሕጉ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ በሙሉ ታድሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ በደሴቶቹ ስምምነት ነው። በዛሬው ቀን ሠላሳ አባሎች ያሉት ይህ ምክር ቤት በየአራት ዓመቱ ይመረጣል፤ በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወርም ተመርጧል። የሕዝቡ ቍጥር 30,000 ያህል ነው፤ ይኸውም ከኤርትራ ሁለት የምርጫ ክልል አይበልጥም።

የኤርትራ ፌዴሬሽንም ያለ ቍልፍ አልተተወም ነበር። ኮሚሽነሩ በመጨረሻው ሪፖርታቸው፣ ፌዴሬሽኑን ለመለወጥ ሥልጣን ያለው የወሰነው ጠቅላላ ጉባኤ ነው የሚል ቃል ጽፈዋል። ነገር ግን ጠቅላላው ጉባኤ ያለው ኒው ዮርክ ነው፤ ምክር ቤቱ ያለው አስመራ። አቤት የሚል ሰው በየትኛው በር እንደሚገባ የሚያሳይ መንገድ አልተሠራም። በ1955 ዓ.ም. ኅዳር ወር ድርጅቱ ምንም አላደረገም። ኦላንዶች ቍልፉን በየአራት ዓመቱ በሚመርጡት ሰው ኪስ አኖሩት፤ ምርጫቸውም በትክክል ስለሚቈጠር ኪሱ አልተቀደደም። የኤርትራ ምክር ቤት አባሎችም ቍልፍ ነበራቸው፤ ግን ከሁለተኛው ምርጫ በኋላ ኪሱ የማን እንደ ሆነ ማንም እርግጠኛ አልነበረም።

በእነዚያ ወንበሮች ላይ የነበሩት ሰዎች ፍጻሜ ደግሞ የሚያስገርም ነው። ከተድላ ባይሩ በኋላ በነበረው ጊዜ የምክር ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት ኢድሪስ መሐመድ አደም ከሥልጣን ወርደው ወደ ካይሮ ተሰደዱ፤ በ1952 ዓ.ም. ሐምሌ ወር የኤርትራን ነጻነት ግንባር ከመሠረቱት አንዱ ሆኑ። በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ በቈላው የመጀመሪያው ጥይት ተተኰሰ። ተድላ ባይሩስ? አንድነትን ሲሰብኩ የኖሩት እኚህ ሰው በስዊድን የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ተሾሙ። ከስቶክሆልም ጥቂት ባሕር ብቻ ተሻግሮ ኦላንድ አለ። ደሴቶቹን አይተዋቸው ይሆን? በ1959 ዓ.ም. እርሳቸውም አምባሳደርነቱን ትተው ወደዚያው ግንባር ገቡ። የአንድነቱ መሪና የተቃዋሚዎቹ ሰው በመጨረሻ በአንድ ወገን ተገናኙ፤ በምክር ቤቱ አዳራሽ ግን አይደለም።

ጦርነቱ ሠላሳ ዓመት ቈየ። ያ ጦርነት በእኛም መንገድ ላይ ያለፈ ነው፤ ወደ ሰሜን የሚሄዱት ወታደሮች ካሚዮን በወልዲያ በኩል ሲያልፍ ያዩ ሰዎች ዛሬም በአገራችን አሉ፤ ልጃቸውን ሸኝተው ያልተቀበሉ እናቶችም አሉ።

ሚያዝያ 15 ቀን 1985 ዓ.ም. ኤርትራውያን እንደ ገና ወደ ሣጥን ቀረቡ፤ ሦስት ቀንም ድምፅ ሰጡ። በዚህ ጊዜ የቀረበላቸው ጥያቄ ስለ ወንበር አልነበረም፤ ነጻነትን ትወዳላችሁ ወይስ አትወዱም የሚል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎች ተመልሰው መጡ። ሣጥኑ በአዲስ አበባም ተቀምጦ ነበር። ከመቶ 99.8 እጁ እሺ አለ። በሰልፉ ላይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ነበሩ፤ በ1944 ዓ.ም. መጋቢት ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ወደ ዋርካው ሲሄዱ እቤት ቀርተው የነበሩ ናቸው፤ ከአርባ አንድ ዓመት በኋላ ወረቀቱን በራሳቸው እጅ ያዙት።